የሦስተኛ ፎቅ ፈረስ

ደጅይጥኑ ጉልበቷን ልታስቀይር ነው። ሐኪሙ ነገሩን የበር ማጠፊያ እንደመቀየር አድርጎ ነው ያስረዳት፤ ትገቢያለሽ፣ ትተኛለሽ፣ በአዲስ ጉልበት ትወጫለሽ ብሎ ቀን ቆረጠላት። እሷም ስለ ብረቱም ሆነ ስለ መጋዙ ብዙ አልጠየቀችም። ያስጨነቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷ ሆስፒታል ስትተኛ ደርሶን ማን ይወስደዋል?

ደርሶ ባሏ ነው። ሰባን አልፏል፣ ጀርባው ጎብጧል፣ ግራ እግሩ ሲፈልግ ይታዘዛል ሳይፈልግ ይቀራል። የሚኖሩት አሽቀሎን ከተማ፣ ሺምሾን ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደጅይጥኑ በየማለዳው ክንዱን ይዛ ደረጃውን ታወርደዋለች፤ አውቶቡስ ላይ ታሳፍረውና ሚግዳል የሚባለው ሰፈር ከገበያው ጀርባ ካለች አንዲት ክሊኒክ ታደርሰዋለች። እዚያ ነርሷ በፕላስቲክ ኩባያ ሽሮፕ ትሰጠዋለች። ፊቷ ይጠጣል። ከጠጣ በኋላ «ቦከር ቶቭ» በል ትለዋለች፤ በዕብራይስጥ ደህና አደርሽ ማለት ነው። ለሰላምታው ብላ አይደለም፤ ሽሮፑን ሳይውጥ አፉ ውስጥ የያዘ ሰው መናገር ስለማይችል ነው። ደርሶ «ቦከር ቶቭ» ይላል፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በጦርነቱ ወራት ሳይረን እየጮኸ እንኳን አልቀሩም፤ አንዴ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሁሉ መሬት ላይ ሲተኛ ደጅይጥኑ ደርሶን ማስተኛቱ ሳይሆን ማንሳቱ ስላሳሰባት ቁጭ እንዳለ ተወችው።

ሽሮፑ ለምን እንደሆነ መንገር አለብኝ። ደርሶ ከጎንደር ተነስቶ በሱዳን አድርጎ እዚህ የደረሰ ጊዜ ጎረምሳ ነበር፤ ፋብሪካ ገብቶ ከባድ ዕቃ ሲያነሳ ጀርባው ተጎዳ። አብሮት የሚሠራ ሰው ነጭ ዱቄት ሰጠውና ይህ ያስታግስልሃል አለው። ችግሩም ይኸው ነው፣ አስታገሰለት። ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ከቤት ጠፋ፣ ቀጥሎ የደጅይጥኑ እናት የብር አልቦ ጠፋ። ደጅይጥኑ ፈልጋ ፈልጋ ሚግዳል አንድ ወርቅ ቤት ድረስ ሄደች። ባለ ሱቁ ተሸጧል አላት፤ በዕብራይስጥ «መኹር» ብሎ። ደርሶ ዱቄቱን ከተወ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እንዲተው ያደረገው ሽሮፑ ነው፤ አንድ ቀን ከቀረበት ግን ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል። ደህና ጎረምሳ የማይችለውን የሽማግሌ ገላ አይችለውም።

የዚህ ነገር ስም ሱስ ነው። ቃሉ በዚያ ቤት ውስጥ ተነግሮ አያውቅም። ሌላ ከተማ ለምትኖረው ልጃቸው ለሲቫን «የአባትሽ የሆድ መድኃኒት» ይባል ነበር። ሲቫን እውነቱን ታውቃለች፤ ደጅይጥኑም ልጇ እንደምታውቅ ታውቃለች፤ ሁለቱም ስለ ሆድ ያወራሉ። ለጎረቤት ደግሞ ፊዚዮቴራፒያ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ፊዚዮቴራፒያ የሚሄድ ሰው ጀርባው ለምን እንደማይቃና ጎረቤት ጠይቆ አያውቅም፤ ወይ ጨዋ ነው ወይ አውቆ ነው።

ደጅይጥኑ መጀመሪያ የጠየቀችው ክሊኒኩን ነው። አማካሪው ያኢር ትሁት ሰው ነው፤ ወንበር ሰጣት፣ ውኃ ሰጣት፣ ሰው ግን የለንም አላት።

«እኛ ሱሱን እናክማለን እንጂ ሰው ከቤት አናመጣም» አላት። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ታካሚዎቻችን እዚህ ዕድሜ መድረስ የጀመሩት በቅርቡ ነው። አልጠበቅናቸውም።»

የአረጋውያን መዋያ ሂጂ አላት፤ ሄደች። የመዋያዋ ኃላፊ ደርሶ የሚጠጣውን ሽሮፕ ስም ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። ሽማግሌ እንቀበላለን፣ እንዲህ ያሉትን ግን አንቀበልም አለቻት፤ ክሊኒኩን ጠይቂ ብላም መከረቻት። እንግዲህ ደርሶ አንዱ ጋ ሲሄድ ሽማግሌ ነው፣ ሌላው ጋ ሲሄድ ሱሰኛ ነው። ግማሽ ግማሹን የሚወስድ ሞልቷል። ሙሉውን የሚወስድ ጠፋ።

የቀረው የእርዳታ ሰዓት የሚሰጠው ቢሮ ነበር። ቢሮው ሽማግሌው ራሱን መርዳት እንደማይችል ካመነ «መታፔሌት» ይልካል፤ ቤት ድረስ መጥታ የምታግዝ ሠራተኛ ማለት ነው። ስልክ ያነሳችው ልጅ ገምጋሚ ነርስ እንደሚላክ ከነገረቻት በኋላ በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ትፈልጊያለሽ ወይ አለቻት።

«ሎ ጻሪኽ፣ አያስፈልግም» አለች ደጅይጥኑ።

አስተርጓሚዋ ብርክቲ መሆኗን ስለምታውቅ ነው። ብርክቲ ክፉ ሰው አይደለችም። ነገር ግን በአሽቀሎን የኛ ሰው የሚድረው ሠርግ፣ የሚቀመጠው ሐዘን አያመልጣትም፤ ለሁሉም ወሬ ይዛ ትሄዳለች፣ ከሁሉም ወሬ ይዛ ትመለሳለች። ሠላሳ ዓመት የተደበቀ ነገር ለብርክቲ ከሚነገር ጉልበቴ እዚያው ይበስብስ አለች ደጅይጥኑ። ራሷ በዕብራይስጥ ልትናገረው ወሰነች። ለሱሰኛ የሚሆነውን የዕብራይስጥ ቃል ከክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ታውቀዋለች፤ «መኹር» ነው። ያው የወርቅ ቤቱ ቃል ነው። ዕብራይስጥ ለተሸጠ ዕቃና ሱስ ለያዘው ሰው አንድ ቃል ነው የሰጠው፤ ደጅይጥኑም ሳህን እያጠበች ቃሉን ስትለማመድ በየጊዜው የሚታያት የእናቷ አልቦ ነበር።

ነርሷ ሊአት የመጣችው ረፋዱ ላይ ነው። ደርሶ እንግዳ ይመጣል ስለተባለ ተላጭቶ፣ የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ተቀምጧል። ሊአት ስትገባ ብድግ አለ። ላለፉት ወራት ብቻውን ከወንበር ተነስቶ አያውቅም፤ ግን እንግዳ ቆሞ እሱ አይቀመጥም፣ እንዲህ አልተወለደም። ደጅይጥኑ ዓይኗን ጨፈነች። ሊአትም ያለ ድጋፍ መቆሙን አየች።

ከዚያ ደርሶ ተቀመጠ። የቢሮ ሰው ሲመጣ እንደ ቤቱ ዕቃ ነው የሚሆነው፤ ጥያቄውን ሁሉ የምትመልሰው ደጅይጥኑ ናት። ይበላል? ይበላል። ይታጠባል? ታጥበዋለች። ሊአት ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ ወይ አለቻት። ደጅይጥኑ ትንፋሿን ሳበች። መኹር ልትል አፏን ከፈተች።

«የሽ ሎ ሱስ» አለች፤ ሱስ አለው ማለቷ ነው።

በዕብራይስጥ ሱስ ማለት ፈረስ ነው። ደጅይጥኑ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ሲቫንን በሥዕል መጽሐፍ ፈረሱን እያሳየች ያስተማረቻት ራሷ ናት። መኹር አልወጣ ሲላት የአማርኛው ቃል በዕብራይስጡ መሐል ሾልኮ ገባ፤ ጆሮዋ ግን የሰማው የራሷን ቋንቋ ነው። ሊአት የሰማችው ሽማግሌው ፈረስ እንዳለው ነው።

«ሱስ?» አለች ሊአት ቀና ብላ።

«ሱስ።»

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«ከሠላሳ ዓመት በላይ።»

«ይህን ያህል ይቆያል እንዴ?»

«እኔም በአጭሩ የሚቀጭ መስሎኝ ነበር» አለች ደጅይጥኑ።

ሊአት ደርሶን ከነከረባቱ አየችው። «አሁንም በየቀኑ?»

«በየማለዳው። እኔ ነኝ የምወስደው።»

«በዚህ ዕድሜው አይወድቅም?»

«ክንዱን እይዘዋለሁ።»

«አንድ ቀን ቢቀርበትስ?»

«ይንቀጠቀጣል» አለች ደጅይጥኑ። «ያለቅሳል።»

ሊአት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እንዴት ያለ ፍቅር ነው» አለች። «አባቴም ውሻ ነበረው።»

ውሻው ከየት እንደመጣ ደጅይጥኑ አልገባትም፤ ሰው ሲያዝን ይቀባጥራል ብላ አለፈችው። ሊአት በር ላይ እጇን ጨብጣ «ኮል ሃካቮድ፣ ክብር ይገባችኋል» አለቻት። ደጅይጥኑ በሩን ዘግታ ወጥ ቤት ገባችና አለቀሰች። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ሆድና ፊዚዮቴራፒያ፣ ለካስ አንድ ቀን ብትናገረው የሚጠብቃት ክብር ይገባሻል የሚል ሰው ኖሯል። ፊቷን ታጥባ ስትወጣ ደርሶ ኮቱን አላወለቀም ነበር።

«ምን አለችሽ?» አላት።

«ፍቅር ነው አለች።»

ደርሶ አሰበበት። «የተማሩ ናቸው» አለ።

መልሱ በስልክ መጣ። ከቢሮው የደወለችው ልጅ ድምፅ ደስተኛ ነበር፤ ባለቤትሽ ለዕድሜው እጅግ ንቁ ሰው ነው፣ እርዳታ አያስፈልገውም አለቻት። ይህን ልማዱንም እንዲቀጥልበት እናበረታታዋለን ብላ ጨመረች።

«እንዲቀጥልበት?» አለች ደጅይጥኑ።

«በደንብ እንዲቀጥልበት» አለች ልጅቷ።

ደጅይጥኑ ስልኩን እንደያዘች ቆመች። ሐኪሙ የቆረጠላት ቀን እየቀረበ ነው፤ አንዴ አስተላልፋዋለች፣ ሁለተኛ ብታስተላልፍ ጉልበቷ ራሱ ደረጃውን አያወርዳትም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀሩ ማለት ነው። ለሲቫን አልደወለችም። ምን ትላታለች? የአባትሽን ሆድ መንግሥት አበረታታው ልትላት ነው?

ምስጢሩ የተፈታው በአንድ እንስሳት ተቆጣጣሪ ነው። ሊአት ደግ ሴት ስለሆነች ሠላሳ ዓመት ያለፈው ፈረስ ያለ ክትባት እንዳይቀር ለሚመለከተው ክፍል ነግራ ኖሯል። ተቆጣጣሪው ጊላድ ግቢው ውስጥ ሲዞር፣ ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ ሲያይ፣ ታች አግዳሚ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡትን ሽማግሌዎች ሲጠይቅ ቆየና እያለከለከ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ።

«እመቤቴ፣ ፈረሱ የት ነው?» አላት።

ፈረሱን በዕብራይስጥ ነው ያለው፤ «ሃሱስ» ብሎ። ደጅይጥኑ ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ጊዜ የተናገረችው ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሰላት፤ ፍቅሩም፣ ውሻውም፣ ማበረታቻውም። ጊላድ በትከሻዋ አሻግሮ ሳሎኑን አየ። ደርሶ በፒጃማ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። ጊላድ በረንዳውንም አየት አድርጎ ወረደ።

ለሊአት ደወለች። ስህተት አለ አለቻት። ሊአት ዳግመኛ እመጣለሁ፣ ነገር ግን በዚህኛው ጊዜ አስተርጓሚ ይዤ ነው አለች። ደጅይጥኑ አያስፈልግም ልትል ነበር፤ አያስፈልግም ማለቷ ያመጣባትን አስታውሳ ተወችው።

እስከዚያው ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ጊላድ የጠየቃቸው ሽማግሌዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ደርሶ ፈረስ ገዛ ተባለ። የኛ ሽማግሌ ፈረስ ከተባለ ሌላ ወሬ አይጥመውም። ደርሶና ደጅይጥኑ ከክሊኒክ ሲመለሱ ማሬ የሚባለው ጎረቤታቸው ከአግዳሚው ላይ ብድግ ብሎ ጠበቃቸው።

«ጋሼ ደርሶ፣ ዳማ ነው ቦራ?» አለ፤ የፈረሱን መልክ መጠየቁ ነው።

ደጅይጥኑ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ደርሶ ቆመ። ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ዳማ ነው» አለ።

«ሰጋር ነው?»

«ሰጋር ነበር። አሁን አርጅቷል።»

ማሬ ራሱን ነቀነቀ። ፈረስ አርጅቶ አይጣልም አለ፤ ደርሶም አይጣልም አለ። ከዚያ ደረጃውን መውጣት ጀመሩ፤ አንደኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ደጅይጥኑ ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማትና ቀና ብላ አየችው፤ እየሳቀ ነበር። ደርሶ ሲስቅ ካየች ስንት ዘመኗ ነው።

ሊአት የተመለሰችው ከብርክቲ ጋር ነው። ብርክቲ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የቢሮ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባች፤ «እማማ ደጅይጥኑ፣ ጋሼ ደርሶ፣ እንደምን ከረማችሁ» ብላ ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ደርሶ በዚህኛው ጊዜም ለመነሳት ሞከረ። አልቻለም፤ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

ሊአት ስለ ፈረሱ ስህተት አለ ብለሽ ነበር አለች። ብርክቲም በአማርኛ ልትደግምላት ወደ ደጅይጥኑ ዞረች። ደጅይጥኑ የብርክቲን ዓይን አየች። በዚያ ዓይን ውስጥ የአሽቀሎን ሠርግ ሁሉ ታያት፤ ድንኳኑ፣ ሴቶቹ፣ ሲቫን በር ላይ ስትገባ የሚወርደው ሹክሹክታ። እናም ብርክቲ አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ ፈጥና፣ በዕብራይስጥ ለሊአት ተናገረች።

«ሃሱስ ክቫር መኹር» አለች። ፈረሱ ተሸጧል ማለቷ ነው።

ያ አልወጣ ያላት ቃል በዚያች ሰዓት እንደ ውኃ ወረደላት። ፈረሱ ተሸጧል፤ አበቃ፣ ተዘጋ። ጉልበቷም አብሮ ተሸጠ፣ እሷም ይህን አውቃለች። ሊአት አዘነች። ወደ ደርሶ ዞራ በጣም ያሳዝናል፣ ከባድ ይሆንብሃል አለችው።

ደርሶ ዕቃ ሆኖ ነበር የተቀመጠው። ሠላሳ ዓመት ለቢሮ ሰው ያልተናገረ ሰው ነው፤ ተጠይቆም፣ ተቆጥተውትም። ሚስቱን አየ። ያበጠ ጉልበቷን፣ ቀሚሷን አጥብቆ የያዘ እጇን አየ። ከዚያ በሰባራ ዕብራይስጡ፣ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል አስቀመጠው።

«ሎ ሃሱስ መኹር» አለ። «አኒ መኹር።»

ፈረሱ አይደለም መኹር። እኔ ነኝ መኹር።

ደጅይጥኑ የሰማችው የወርቅ ቤቱን ቃል ነው፤ ተሽጫለሁ ሲል። አልቦውን የሸጠው ሰው አሁን ተራው የራሱ ሆኖ ራሱን ሲያቀርብ ሰማች፤ ልቧ ለእናቷ አልቦ እንኳን አዝኖ የማያውቀውን ያህል አዘነለት። ብርክቲ ነጠላዋን አስተካከለችና ለሊአት ማስረዳት ጀመረች፤ በአማርኛ ሱስ ማለት ምን እንደሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዋን ሠራች። ሊአት ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እና በየማለዳው የምትወስጂው» አለች ለደጅይጥኑ።

«ክሊኒክ ነው» አለች ደጅይጥኑ። «ጉልበቴን ሲቆርጡኝ የሚወስደው ሰው የለም።»

ሊአት ሽማግሌና ሱሰኛ አንድ ላይ ሲሆን ማን እንደሚወስን አታውቅም፤ ይህንንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ከዚያ እዚያው ተቀምጣ ወደ ቢሮዋ ደወለች፣ ቢሮዋ ወደ ክሊኒኩ ላካት፣ ክሊኒኩ ወደ ቢሮዋ መለሳት፤ ሊአት ግን ስልኩን አልዘጋችም። ቀድሞ ደግ ብቻ ነበረች፣ አሁን ተቆጥታለች፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ቁጣ ይሻላል። ስትጨርስ ደርሶ መታፔሌት ተፈቅዶለት ነበር።

ብርክቲ ስትወጣ ደጅይጥኑ እስከ ደረጃው ሸኘቻት። አንቺ ልጅ፣ አደራሽን ልትላት ፈለገች። ብርክቲ ጉንጯን ስማት ወረደች። በሳምንቱ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ብርክቲን፣ እነ ደርሶ ቤት ገብተሻል አሉ፣ እውነት ፈረስ አላቸው? ብላ ስትጠይቃት ደጅይጥኑ ከቲማቲሙ ጀርባ ቆማ ሰማች።

«አይቼዋለሁ» አለች ብርክቲ ሽንኩርት እየመረጠች። «ደህና ፈረስ ነው።»

መታፔሌቷ ኢሪት ትባላለች፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሲጋራ ለመተው ስንት ጊዜ ሞክራ ያልተሳካላት ሴት ናት። ደርሶን ከነታሪኩ ሰምታ፣ ደረጃውን ወርዳ አይታ፣ ተመልሳ ወጥታ፣ ክንዱን ሞከረችና ይቻላል አለች። ጠዋት ታች ያሉት ሽማግሌዎች ወዴት ነው ሲሉት ደርሶ ፈረሱን ላጠጣ ነው ይላቸዋል። ፊዚዮቴራፒያ ቀረ።

ደጅይጥኑ ሆስፒታል ገባች። ሲቫን ባቡር ይዛ መጣችና እናቷ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ደጅይጥኑ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስትነቃ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ጉልበቷ አልነበረም፤ ስንት ሰዓት ነው አለች። ክሊኒኩ የሚከፈትበት ሰዓት አልፏል። ኢሪት ልትቀር ትችላለች፣ አውቶቡሱ ሊቀር ይችላል፣ ግራ እግሩ ዛሬ አልታዘዝም ሊል ይችላል። ስልኬን ስጪኝ አለች፤ ሲቫን ከመስጠቷ በፊት ራሱ ጮኸ።

ደርሶ ነው። ስልክ ደውሎ አያውቅም።

«ፈረሱ ጠጣ» አላት።

ሲቫን ሰምታለች፤ ለአንዴ ስለ ሆድ ምንም አልጠየቀችም። ደጅይጥኑ ዓይኗን ጨፍና ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ታምነዋለች፤ አታምነውምም፤ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት።

«ቦከር ቶቭ በል» አለችው።

«ቦከር ቶቭ፣ ደጅይጥኑ» አለ።